የመርዕድ መርዶ

መርዕድ ገሠሠ ግራኝ ነበር። አዲስ አበባ ሳሉ እናቱ የሺእመቤት በግራው እንዳይጎርስ እጁን በመቀነቷ ከወገቡ ጋር ታስርበት ነበር። አትላንታ ከገቡ በኋላ ግን፣ ኖርክሮስ ያለው ትምህርት ቤት የስፖርት አስተማሪ ልጁ በዚያው እጁ ኳስ ሲወረውር አይቶ አስቆመው። ደግመህ ወርውር አለው፤ አሁንም ደግመህ። በሳምንቱ አፓርትመንታቸው ድረስ መጣና፣ በታላቅ እህቱ በየምሥራች አስተርጓሚነት፣ ቤዝቦል ውስጥ ግራኝ ወርዋሪ ተፈልጎ የማይገኝ መሆኑን አስረዳ።

"እኔ ስቀጣው የኖርኩትን እጅ ነው የሚያወድሰው?" አለች የሺእመቤት።

የምሥራች ይህን አልተረጎመችም። እናቴ ደስ ብሏታል አለችው።

በዚያ ቤት እንግሊዝኛ የሚያቀላጥፉት ሁለቱ ልጆች ብቻ ነበሩ፤ መርዕድ ደግሞ ለማስተርጎም ትዕግሥት አልነበረውም። ስለዚህ የሐኪሙም፣ የአከራዩም፣ የአለቃውም ቃል ወደ ቤቱ የሚገባው በየምሥራች አፍ ነበር። እሷም የሚያስከፋውን አለዝባ፣ የሚያሳፍረውን ዘልላ ማለፍ ከልጅነቷ ለመደች። ማንም አጠፋሽ አላላትም።

አባታቸው ገሠሠ አገር ቤት ሳለ የጭነት መኪና ሾፌር ነበር። የበኩር ልጁ ዳኛቸው በስድሳ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት ታፍሶ ኦጋዴን ዘመተና እዚያው ቀረ። የቀበሌው ሊቀመንበር ሽማግሌዎች አስከትሎ በማለዳ መጣና፣ ልጅህ ለእናት አገሩ ተሰውቷል፣ ልትኮራ ይገባል ብሎት ሄደ። ገሠሠ አልኮራም። መርዕድ ቁመቱ መምዘዝ ሲጀምር አባትየው በየበሩ የሚዞሩትን የዘመቻ መዝጋቢዎች እያየ እህል አልወርድልህ አለው። በመጨረሻ ቤቱን እንዳለ ጥሎ፣ ሚስቱንና ሁለቱን ልጆች ይዞ በመተማ በኩል ሱዳን ገባ። ገዳሪፍ ከርመው፣ በአንድ የአሜሪካኖች ቤተ ክርስቲያን ዋስትና በፈረንጆቹ ሰማንያ አንድ አትላንታ ደረሱ። ለምን መጣህ ለሚለው ሁሉ የገሠሠ መልስ አንድ ነበር፤ "ሁለተኛውን አልሰጥም ብዬ።"

ቤዝቦልን አልወደደውም ነበር። ሩጫ እንዳይባል ቆመው የሚውሉበት፣ ጨዋታ እንዳይባል ሲጠባበቁ የሚመሽበት ነገር ነው ይል ነበር። ነገር ግን መርዕድ ሁለተኛ ደረጃ ሲጨርስ ደቡብ ካሮላይና ውስጥ ያለ አንድ ቡድን አስፈረመው። ትልቅ ቡድን አይደለም፤ ማይነር ሊግ የሚሉት፣ ወደ ትልልቆቹ ለመውጣት የሚመኙ ወጣቶች በአውቶቡስ ከትንሽ ከተማ ወደ ትንሽ ከተማ እየዞሩ የሚጫወቱበት ነው። ገሠሠ እሑድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ነጠላውን የኋላ ወንበር ላይ ጥሎ ወደዚያ ይነዳ ጀመር። የቡድኑ ሜዳ አጠገብ የእንጨት መሰንጠቂያ ስለነበረ ነፋስ በተነሣ ቁጥር ብናኙ ተመልካቹ ላይ ይረግፋል። ሌላው ሰው ተቀምጦ ኦቾሎኒ ሲፈለፍል እሱ እስከ መጨረሻው ቆሞ ያያል። ልጁ መሐል ሜዳ ካለችው ጉብታ ላይ ወጥቶ፣ ቀኝ ጉልበቱን እስከ ደረቱ አንሥቶ ሲወረውር፣ ዱላ የያዘው ሰውዬ አየር መትቶ በንዴት ሲመለስ፣ ሕጉ ባይገባውም ማን እንዳሸነፈ ይገባዋል። አንድ ቀን ከጎኑ የነበረ ሽማግሌ ፈረንጅ ማንን ለማየት እንደመጣ ጠየቀው። ገሠሠ በእንግሊዝኛ "ልጄ ነው" አለ። ሰውዬው ተነሥቶ ጨበጠው። አሜሪካ ከገባ ወዲህ እንዲህ ያለ አክብሮት አግኝቶ አያውቅም ነበርና ማታ ቤት ሲገባ ለሚስቱ ደጋግሞ ነገራት።

"እነሱም ዱላ ይይዛሉ፤ ግን የሚመቱት ኳስ ነው" አላት።

በሁለተኛው ዓመት የመርዕድ ግራ ትከሻ አበጠ። መርፌ ወጉት፤ ረገበለት፤ ተመልሶ አበጠ። በፈረንጆቹ ሰማንያ ስምንት ጸደይ ላይ የቡድኑ ኃላፊ ሚስተር ፒትማን ቢሮው አስጠርቶ አመስግኖ አሰናበተው። የዚያን ዕለት የተሰናበተው እሱ ብቻ አልነበረም፤ ሌሎቹ በር ላይ ተራ ይጠብቁ ነበር። መርዕድ ጫማውንና ጓንቱን በላስቲክ ከረጢት ይዞ በአውቶቡስ መጣ። እናቱ ለዕረፍት የመጣ መስሏት ደስ አላት። የምሥራች ነበረች ቀስ ብላ የነገረቻቸው፤ እሷም "አባረሩት" አላለችም፣ "ትከሻው እስኪድን ነው" አለች።

ያን ጊዜ ቤተሰቡ አትላንታ ዳር ሊቶኒያ ውስጥ ቤት ገዝቶ ገብቶ ነበር። ገሠሠ ኮንየርስ በሚሠራበት መጋዘን ልጁን አስቀጠረው። አባትና ልጅ በአንድ መኪና ይሄዳሉ፤ በአንድ መኪና ይመለሳሉ፤ መንገድ ላይ አይነጋገሩም። ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ ሰው ሁሉ "ኳሱስ?" እያለ ስለሚጠይቀው መርዕድ መሄድ ተወ። አንድ ዓመት ያህል እንዲህ ካርቶን ሲያነሣና ሲጥል ከረመ። ከዚያ አንድ ማታ እራት ላይ ወታደር ቤት መግባቱን ተናገረ።

ገሠሠ የያዘውን ጉርሻ መልሶ ትሪው ላይ አኖረው። አገሩን፣ ቤቱን፣ የወንድሙ አጥንት ያረፈበትን ምድር ጥሎ የመጣው ለምን እንደሆነ ያውቅ እንደሆነ ጠየቀው።

"አባባ፣ ይኼ እኮ ደርግ አይደለም" አለ መርዕድ። "ማንም ፎርስ አላደረገኝም። እኔ ራሴ ነኝ ሄጄ ሳይን ያደረግኩት።"

"እሱ ነው የባሰው" አለ ገሠሠ።

ለእህቱ በኋላ የነገራት ሌላ ነበር። የመለመለው ሰውዬ ቢሮ ሲገባ፣ ቡድኑ ያሰናበተው ትከሻ ለእነሱ ይበቃል እንዳሉት፣ ከተሰናበተበት ቀን ወዲህ እጠቅማለሁ ብሎ ሲያስብ የመጀመሪያው መሆኑን ነገራት። እንደ ቡድን ነው አላት፤ አብሮ መብላት፣ አብሮ መተኛት። የሄደ ቀን እናቱ እስከ መኪናው ሸኘችው። ገሠሠ ከጓሮ አልወጣም።

የገና ጾም እንደተያዘ ታኅሣሥ ገባ። መርዕድ ሰሜን ካሮላይና ካለው ጦር ሰፈር ደውሎ ለገና ፈቃድ ይሰጡኛል ብሎ ስለነበር የሺእመቤት ከአሁኑ ቤት ማጽዳት፣ ዳቦ ቆሎ መቁላት ጀምራለች። የረቡዕ ዕለት ቴሌቪዥኑ የአሜሪካ ጦር ፓናማን መውረሩን ሲያወራ ዋለ። የምሥራች ልቧ ቢፈራም አጠፋችው፤ ለእናቷም አልነገረቻትም። እሷ የምትሠራው አረጋውያን መጦሪያ ነበር፤ ሥራ የምትገባው ከሰዓት በኋላ ስለሆነ ሐሙስ ጠዋት ከእናቷ ጋር ቤት ነበረች።

መኪናው በር ላይ ሲቆም በመስኮት አየችው። ሁለት ሰዎች ወረዱ፤ አንዱ ረጅም ጥቁር መኮንን፣ ሌላው አንገቱ ላይ መስቀል ያለበት ነጭ ቄስ። ወጣች፤ በሩን በጀርባዋ ዘጋችው። መኮንኑ ማንነቷን ጠየቀና አባትና እናቷን ማግኘት እንደሚፈልግ ነገራት። ሌላ አልነገራትም፤ ነገር ግን ፊቱን አይታ ሁሉን አወቀች። የበረንዳውን ብረት ያዘች።

እንደምንም ቃል አግኝታ ለመነችው። እኛ ዘንድ መርዶ እንዲህ አይነገርም አለችው። ሽማግሌ ይሰበሰባል፣ ቄስ ይጠራል፣ ማለዳ ሰው ሳይበተን ይመጣል፣ እናት የሚደግፋት ሰው ግራና ቀኟ ይቀመጣል። እስከ ነገ ጠዋት ብቻ ስጡኝ አለችው። መኮንኑ እንደሚያዝን፣ ሕጉ ግን ለወላጅ ራሱ እንዲነግር እንደሚያስገድደው መለሰላት። ይህን ሲባባሉ የሺእመቤት ከውስጥ በሩን ከፈተች። የወታደር ልብስ አየች፤ ፊቷ በራ።

"የመርዕድ ጓደኞች ናቸው? ምን በር ላይ አቆምሻቸው?" አለች።

ገቡ። የሺእመቤት ወንበር ሳበችላቸው፤ አልተቀመጡም። መኮንኑ ቆቡን ብብቱ ሥር አድርጎ ቀጥ ብሎ ቆመና በቃሉ ያጠናውን ተናገረ። በየመሐሉ "ሜሪድ" ይላል። የሺእመቤት የምታውቀው እንግሊዝኛ የሆቴል ልብስ ማጠቢያ ያስተማራት ነበር፤ አንሶላና ፎጣ፣ ነገና ዛሬ። ወደ ልጇ ዞረች።

"ምን አለ?"

የምሥራች አፏን ከፈተች። ቃሉ አልወጣም። የወጣው ሌላ ነበር።

"ለገና ፈቃድ ሊሰጡት ስለሆነ ቤተሰቡን ለማየት ነው የመጡት" አለች።

የሺእመቤት ሁለት እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ለመኮንኑ ዝቅ ብላ እጅ ነሣች። ቄሱ ትከሻዋን ያዝ አደረጋት፤ እሷ ሊባርካት መስሏት አንገቷን ደፋች። ከዚያ ጥያቄ አበዛች። "ጾሙን ልጹም ቢል ይከለክሉታል? እስቲ ጠይቂልኝ።"

የምሥራች ለመኮንኑ፣ "ልጄ ተሠቃይቶ ነው ወይ የሞተው ትላለች" አለችው።

መኮንኑ ድምፁን ዝቅ አድርጎ እንዳልተሠቃየ፣ ወዲያው እንዳለፈ ነገራት።

"አይከለክሉትም እማዬ።"

"ተመስገን" አለች የሺእመቤት፤ ሳቀችም። ሁለቱ ሰዎች ተያዩ። ቄሱ ሐዘን በሰው ላይ ብዙ መልክ እንዳለው ለጓደኛው በለሆሳስ ነገረው። የሺእመቤት ወደ ማድቤት ገብታ በትልቅ ከረጢት ዳቦ ቆሎ ሞልታ መጣችና ለመርዕድ እንዲያደርሱላት መኮንኑ እጅ ላይ አኖረችው። የምሥራች "ለእናንተ ነው፤ እምቢ ካላችሁ ይከፋታል" አለችው። ረጅሙ መኮንን ከረጢቱን ደረቱ ላይ ታቅፎ ወደ መኪናው ሄደ። የሺእመቤት በር ላይ ቆማ እስኪርቁ ድረስ እጇን አወዛወዘችላቸው።

የምሥራች መታጠቢያ ቤት ገብታ ቧንቧውን ከፍታ አለቀሰች። ፊቷን ታጥባ ወጣችና፣ ሥራ ልገባ ነው ብላ፣ መኪናዋን በቀጥታ ወደ ወይዘሮ ኤልፍነሽ ቤት ነዳች። ኤልፍነሽ የሰፈሩ የማኅበር እናት ነበረች። የሚጠራውን ሰው ጠራች፤ ቄስ ኃይለመስቀልን፣ አቶ ተገኝን፣ ሌሎችንም። ጎሕ ሲቀድ ሊመጡ ተስማሙ። ኤልፍነሽ ያን ሁሉ ስታደርግ የሺእመቤት ስልክ ደውላላት ነበር፤ የልጄ አለቆች ቤቴ ድረስ መጡ፣ ቢያከብሩት አይደል ስትላት፣ ኤልፍነሽ እንኳን ደስ ያለሽ ማለትም ማልቀስም አቅቷት ምድጃ ላይ የጣድኩት አለ ብላ ዘጋችው።

የምሥራች አመሻሹ ላይ ስትመለስ ገሠሠም ከኮንየርስ ገብቶ ነበር። ሚስቱ ገና ከመኪናው ሳይወርድ ስለ እንግዶቹ ነግራዋለች። ጋራዡ ውስጥ ብቻውን ቆሞ የምሥራችን ጠበቃት። ፊቷን አላየም።

"ወታደር ለሰላምታ ቤት ድረስ አይመጣም" አላት። ከዚያም፣ "ሽማግሌዎቹ ስንት ሰዓት ነው የሚመጡት?"

"ሲነጋ።"

ራሱን ነቀነቀ። ገባ፤ እጁን ታጠበ፤ ከሚስቱ ጋር ማዕድ ቀረበ። መርዕድ ሲመጣ ስለሚተኛበት ክፍል ስታወራ ሰማት። ብርድ ልብሱ ስስ ነው ስትለው፣ እንገዛለን አላት።

ሲነጋ በሩ ተንኳኳ። የሺእመቤት ከመኝታ ክፍል ስትወጣ ባሏ ለብሶ፣ ነጠላውን አጣፍቶ ወንበር ላይ ተቀምጦ አገኘችው። በሩን ሳይሆን እሱን አየች። ቄሱና ሽማግሌዎቹ ሲገቡ እሷ መሬት ላይ ነበረች። ማንም ምንም ከመናገሩ በፊት ያወጣችው ድምፅ ጎረቤት ያለውን አሜሪካዊ በእንቅልፍ ልብሱ አስወጣው።

አቶ ተገኝ እንደ ወጉ መናገር ጀመረ። ገሠሠ አቋረጠው።

"ተወው ተገኝ። ቃሉን በቃሌ ይዤዋለሁ። ለአገሩ ነው የምትለኝ። ለየትኛው አገሩ?"

አስከሬኑ በሳምንቱ መጣ። ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ ሃያ አንድ፣ ከአሜሪካኖች በተዋሱት ቤተ ክርስቲያን ፍትሐት ተደርጎለት ተቀበረ። ወታደሮች ተኮሱ፤ ባንዲራውን በሦስት ማዕዘን አጥፈው የሺእመቤት ጉልበት ላይ አኖሩት። ከቀብር መልስ አዳራሹ ውስጥ የጾም ምግብ ተዘርግቶ ሳለ ሚስተር ፒትማን ከደቡብ ካሮላይና መጣ። የመርዕድን ማሊያ በመስታወት አስገብቶ ይዟል። ጥቂት ቃል ልናገር ብሎ ፈቃድ ጠየቀና ተነሣ። መርዕድ ሊደርስበት የሚችለውን ትልቅ ደረጃ፣ የሚወደውን ጨዋታ፣ ትቶ አገሩን ለማገልገል መሄዱን፣ ቡድኑም በዚህ ለዘላለም እንደሚኮራ ተናገረ። እንግሊዝኛ የሚሰሙት አጨበጨቡ።

ገሠሠ ምን እንዳለ የምሥራችን ጠየቃት። ነገረችው። ተነሣ።

"ንገሪው። ልጄ አልተዋችሁም፤ እናንተ ናችሁ የተዋችሁት። ትከሻው ሲያብጥ አሰናበታችሁት። እሱን አልወቅሳችሁም፤ ሥራችሁ ነው። ግን ለቅሶው ላይ አትዋሽ በይው።"

የምሥራች ከመናገሯ በፊት የሺእመቤት አንገቷን ቀና አደረገች። ከዚያ ሐሙስ ወዲህ ለልጇ ያወጣችው የመጀመሪያ ቃል ነበር።

"አሁን ደግሞ ምን ልትይው ነው?"

የምሥራች አባቷ ያለውን አንድም ሳታስቀር ተናገረች። የሚስተር ፒትማን ጆሮ ቀላ። ውሳኔው ቀላል እንዳልነበረ፣ መርዕድን በግሉ ይወደው እንደነበረ አንድ ሁለት አለና ማሊያውን ወንበር ላይ አስደግፎ ወጣ። ማሊያውን ያነሣው አልነበረም፤ አዳራሹን የሚያጸዳው ሰው በኋላ የት እንዳደረገው አልታወቀም። በጸደይ ቡድኑ ሜዳው መግቢያ ላይ የመርዕድን ፎቶ ሰቀለ። ከሥሩ የተጻፈው ሚስተር ፒትማን አዳራሹ ውስጥ የተናገረው ነው፤ ጨዋታውን ትቶ አገሩን ያገለገለ ይላል። ያየ ሰው ነገራቸው እንጂ ገሠሠ ሄዶ አላየውም።

የቀብሩ ዕለት የሺእመቤት ለቅሶ ደራሹ እስኪበተን ጠበቀች። ከዚያ የምሥራችን አስቀምጣ የሆዷን ነገረቻት።

"ልጄ ሞቶ እኔ ስስቅ ዋልኩ። ለመርዶ ነጋሪው ስንቅ ቋጠርኩለት። ቢያዩኝ ምን ብለው ይሆን?"

የምሥራች ወጉን ላክብር ብዬ ነው አለች፤ ቀጥሎም አፌ እምቢ ብሎኝ ነው አለች። ሁለቱም እውነት ነበሩ።

"አንድ ቀን ሰጠሁሽ ብዬ ነበር እማዬ።"

"አንድ ቀን ሰረቅሽኝ" አለች የሺእመቤት።

ለባሏ ግን ያንን አላለችውም። እሱም አውቆ አብሯት እራት እንደበላ ታውቃለች። ከዚያ ወዲያ ሐኪም ቤት ቀጠሮ ሲኖራት የምሥራችን አትጠራም። ከኤልፍነሽ ጋር ትሄዳለች፤ ካልሆነም ብቻዋን ሄዳ የሚሏትን ሳይገባት ትመለሳለች። የምሥራች ጥቂት ጊዜ እዚያው ቤት የእናቷን ሰላምታ በአባቷ በኩል ስትሰማ ቆየችና ኖርክሮስ ክፍል ተከራይታ ወጣች።

አርባው ሲወጣ የሺእመቤት ከኤልፍነሽ ጋር የእንግሊዝኛ ትምህርት ተመዘገበች። በዚያ ዕድሜዋ ምን ያደርግልሻል ላሏት፣ የሚነግሩኝን ራሴ ልስማ ነው አለቻቸው። በመጀመሪያው ቀን መምህርቷ እያንዳንዱ ተማሪ ስሙንና የልጆቹን ቁጥር እንዲናገር ጠየቀች። ተራው ሲደርሳት የሺእመቤት ተነሣች፤ ስሟን በእንግሊዝኛ ተናገረች፤ ከዚያ "አንድ" አለች፣ "ሴት ልጅ"። ሌላ አልጨመረችም፤ ተቀመጠች።

ኤልፍነሽ ይህን ለየምሥራች በስልክ ነገረቻት፤ ለማስታረቅ ይረዳል ብላ ነው። የምሥራች በሥራ ልብሷ ቆማ ሰማች። ከመቆጠሯ ደስ ይበላት ወይስ ወንድሞቿ እንዲህ በአንድ ቃል በመውጣታቸው ትዘን አላወቀችም። አመስግና ስልኩን ዘጋችና ወደ ሥራዋ ገባች። ወደ ሊቶኒያ የሄደችው ፋሲካ ካለፈ በኋላ ነው። ያን ቀንም እናቷ በሩን ከፈተችላት እንጂ ግቢ አላለቻትም፤ ገባች።